ውኃው ተሽከርክሮ ከፍ ይላል እንጂ አይወስድም፦ ደካማ የሽንት ቤት ፍሰት መንስኤውን ስለመለየት

ከጎንደር፣ ከአዘዞ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቤታችን ከተሠራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ካለፈው ዓመት ወዲህ የሽንት ቤቱን ውኃ ስንለቀው ተሽከርክሮ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሶፍቱን ግን ትቶት ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ጊዜ መልቀቅ ግድ ሆኖብናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። አንድ ባለሙያ መቀመጫው ተነቅሎ በአዲስ ይተካ አለን፤ ሌላው ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው ኃይል የለውም፣ ሮቶውን ከፍ አድርጉት አለን። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን እናድርግ?»

መቀመጫውን ገና አያስነቅሉት፤ ሮቶውንም ከቦታው አያንሱት። የተሰጡዎት ሁለት ምክሮች ወጪ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ እርስዎ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ግን የሚያመለክቱት ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ውኃው ከመውረዱ በፊት ከፍ ማለቱና ችግሩ በክረምት መባሱ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ጉድለቱ ከመቀመጫው በታች፣ በፍሳሽ መስመሩ ወይም በጉድጓዱ ላይ እንደሆነ አጥብቀው ያስጠረጥራሉ። ጥርጣሬ ግን ለመቆፈርም ሆነ ለመግዛት አይበቃም። ስለዚህ በቅድሚያ ማንኛውም የቤተሰብ አባል በአንድ ባልዲ ሊያደርገው የሚችለውን ሙከራ እገልጻለሁ፤ ከዚያ ውጤቱ ወደሚወስደን ቦታ እንሄዳለን።

ከዚያ በፊት የከፍታውን ነገር ላንሳ፤ ይህ አባባል ደጋግሞ የሚነገርና ሰውን ለማያስፈልግ ወጪ የሚዳርግ ነውና። ከመቀመጫው ጀርባ የውኃ ሣጥን ባለው ሽንት ቤት፣ ቆሻሻውን የሚገፋው በሣጥኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በራሱ ክብደት ሲወርድ ነው። የዚህ ውኃ ኃይል የሚወሰነው በመጠኑ፣ ከሣጥኑ እስከ መቀመጫው ጎድጓዳ ባለው ቁመትና በሚወርድበት ፍጥነት ብቻ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ ቢቀመጥም ሁለት ሜትር ከፍ ቢልም ሣጥኑ ቶሎ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ከሞላ በኋላ የሚለቀቀው ውኃ ያው ነው። የአየር ግፊቱም ቢሆን ምክንያት አይሆንም። ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ውኃን ወደ 8 ሜትር ገደማ ሊደግፍ ይችላል፤ በባሕር ጠለል ላይ ደግሞ 10 ሜትር ያህል። በሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ ያለው ጥምዝ፣ ማለትም ውኃ የሚቆምበት ጠመዝማዛ መተላለፊያ፣ የሚፈልገው ግን ከግማሽ ሜትር በታች ስለሆነ ልዩነቱ በእርስዎ ቤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሣጥን የሌላቸውና ከቧንቧው በቀጥታ በቫልቭ የሚለቀቁ፣ በአንዳንድ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች የሚታዩ መቀመጫዎች ግን የቧንቧ ግፊት በእርግጥ ያስፈልጋቸዋል፤ የእርስዎ ከእነዚህ ወገን አይመስለኝም።

ሙከራው እንዲህ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ውኃ በተለመደው ልኩ ላይ ሲሆን፣ የሣጥኑን መልቀቂያ ሳይነኩ፣ ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሞልተው ከወገብ ከፍታ በጎድጓዳው መውጫ ላይ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያፍስሱት። በቀስታ ማንቆርቆር ምንም አይነግረንም፤ ውኃው ጥምዙን ሞልቶ ለመገፍተር ፍጥነት ያስፈልገዋል። ጎድጓዳው አስቀድሞ እስከ አፉ የሞላ ከሆነ ግን እስኪወርድ ይጠብቁ፤ አለዚያ ወለል ላይ ይፈሳል። ሙከራውን በመካከሉ አሥር ደቂቃ ያህል እየቆዩ ሁለት ጊዜ ቢደግሙት ውጤቱ ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

ባልዲው ሲፈስ ውኃው «ጉርር» ብሎ ሁሉንም ይዞ ከወረደ፣ መውጫው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ችግሩ ከሣጥኑ የሚመጣው ውኃ ማነሱ ወይም በትክክል አለመግባቱ ነው። ባልዲውም ሲፈስ ውኃው ከፍ ብሎ ቆይቶ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢስተካከል ለውጥ አይኖርም፤ መሄጃው ተዘግቷል፣ ጠቧል ወይም ከታች ሞልቷል። ጥገናው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መለያየት ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ «መቀመጫው ይቀየር» ማለት አዲሱን መቀመጫ በዚያው በተዘጋ መስመር ላይ መትከል ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም ይወጣል፣ ወለሉም ይሰበራል፣ ውኃውም እንደ ድሮው ይሽከረከራል።

ውጤቱ የመጀመሪያው ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የሣጥኑን ክዳን በሁለት እጅ አንሥተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ ሴራሚክ ስለሆነ ከወደቀ ይሰበራል፣ ብቻውንም ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ ውኃው እስከየት እንደሚሞላ ይመልከቱ። በሣጥኑ መካከል የቆመው የትርፍ ውኃ ቱቦ አፍ ከውኃው በላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መታየት አለበት። ውኃው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ ተንሳፋፊው ያለ ጊዜው እየዘጋው ነውና በብሎኑ ወይም በመያዣው ከፍ ያድርጉት። ውኃን ለመቆጠብ ሲባል ጡብ ወይም በውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነም ያውጡት። በፈረቃ ውኃ ለሚኖር ቤተሰብ ቁጠባው ተገቢ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን በ6 ሊትር እንዲሠራ የተነደፈ መቀመጫ በ4 ሊትር ሲለቀቅ ሁለት ጊዜ መልቀቅ ያስፈልገዋል፤ በዚህም ቁጠባ የታሰበው 8 ሊትር ያስወጣል።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር መድፈኛው ነው። መልቀቂያውን ሲጫኑ በሣጥኑ ግርጌ ያለው የጎማ መድፈኛ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ውኃው እስኪወጣ ድረስ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ሰንሰለቱ ከረዘመ ወይም የመጫኛው ዘንግ ከላላ በግማሽ ተነሥቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ውኃው ግማሹ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከላይ ሁለት ቁልፍ ያላቸው ሣጥኖች ትንሹ ሲጫን ለሽንት የሚሆን 3 ሊትር ያህል፣ ትልቁ ሲጫን 6 ሊትር ያህል የሚለቁ ናቸው፤ ከቤተሰቡ ማንኛው በየትኛው እንደሚጠቀም መጠየቅም አይከፋም። መድፈኛው የሚያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ይቆዩ። ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ከታየ ውኃው ቀስ በቀስ እያመለጠ ነው። ይህ በተለይ ፈረቃው ጠፍቶ ሮቶው ባለቀበት ሰዓት ይጎዳል፤ ሣጥኑ የሚተካለት ውኃ ስለማያገኝ ጎድሎ ይጠብቅዎታልና።

በከተማችን ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ነው። ከጎንደር የውኃ ምንጮች አንዱ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላት ሲቸገር የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በየቤቱ ሮቶ ግርጌ የሚዘቅጠው ጭቃ ደግሞ ሳይታጠብ ዓመታት ይቆያል። ይህ ደለል ወደ ሣጥኑ በሚያስገባው ቫልቭ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናታል። ሣጥኑ ለመሙላት ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ፣ መዝጊያውን ዘግተው ቧንቧውን ይፍቱና ወንፊቷን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ሮቶውን ግን ከሥር አጥቦ ማጽዳት ካልተጨመረበት ወንፊቷ በድጋሚ መደፈኗ አይቀርም።

የመጨረሻው የሣጥን በኩል ምክንያት ከጎድጓዳው ከንፈር ሥር ዙሪያውን ያሉት ቀዳዳዎች መዘጋት ነው። በእጅ መስተዋት ከሥር ሆነው ያዩአቸዋል። ውኃው በአንድ በኩል ብቻ የሚንዠቀዠቅና በሌላው በኩል ግድግዳውን የማያረጥብ ከሆነ ቀዳዳዎቹ በኖራማ ቅርፊትና በደለል ተይዘዋል ማለት ነው። ለብ ያለ አቼቶ በትርፍ ውኃ ቱቦው በኩል ቀስ አድርገው አፍስሰው ሌሊቱን ማሳደርና ጠዋት እያንዳንዱን ቀዳዳ በፕላስቲክ በተሸፈነ ቀጭን ሽቦ መክፈት ይበቃል። የፈላ ውኃ አይጠቀሙ፤ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውጤት፣ ማለትም እኔ በእርስዎ ቤት ወደምጠረጥረው ጉዳይ እንምጣ። ባልዲው ካልወረደ ቀጣዩ እርምጃ ከቤት ውጭ ያለውን የመጀመሪያ ማንሆል፣ ማለትም የፍሳሽ መስመሩ የሚፈተሽበትን ባለ ክዳን ጉድጓድ፣ መክፈት ነው። እዚህ ላይ ከማንኛውም ቴክኒካዊ ነገር በፊት ሊከበር የሚገባው ጥንቃቄ አለ። ፍሳሽ ያለበት ጉድጓድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሚቴን የተባሉ ጋዞች ይይዛል፤ የመጀመሪያው በከፍተኛ መጠን ሲሆን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፣ በጥቂት ጊዜም ይገድላል፤ ሁለተኛው በእሳት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍተው ወደ ኋላ ይራቁና አየር እንዲገባበት ይተዉት፤ ሻማ፣ ክብሪት ወይም ሲጋራ አያስጠጉ፤ አንገትዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማንም ሰው ወደ ጉድጓድ እንዲገባ አይፍቀዱ፤ የወደቀ ዕቃ ቢኖርም ይቅር፤ ሰው ቢወድቅ እንኳ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሕይወት የማጥፋት ነገር ነው። በየጊዜው ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ የሚወጣው የመጀመሪያውን ለማዳን ሌሎቹ ተከትለው ስለሚገቡ ነው። ሕፃናትን አርቁ፤ ክዳኑንም ሳይመልሱ ለአፍታ አይሂዱ።

ማንሆሉ ተከፍቶ ርቀው ቆመው እያዩ ሌላ ሰው ከውስጥ ባልዲ ውኃ ያፍስስ። ማንሆሉ ደረቅ ከሆነና ውኃው ዘግይቶ በቀጭኑ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ መዘጋቱ ከመቀመጫው እስከ ማንሆሉ ባለው መካከል ነው። ማንሆሉ አስቀድሞ በቆመ ፍሳሽ ተሞልቶ ካገኙት መዘጋቱ ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ (የቤቱ ፍሳሽ ወደሚጠራቀምበት የተገነባ ጉድጓድ) በሚሄደው መስመር ወይም በራሱ በታንኩ ነው። በዚህ አንድ እይታ የጥገናው ቦታ በግማሽ ይጠባል፤ ባለሙያ ሲጠሩም «ሽንት ቤቱ አይወስድም» ከማለት ይልቅ «ሁለተኛው ማንሆል ሞልቷል» ማለት መቻልዎ አላስፈላጊ ቁፋሮ ያስቀራል።

ከመቀመጫው እስከ ማንሆሉ ባለው መካከል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከላይ የተጣለ ነገር ነው። ሶፍት በብዛት፣ ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ጥጥ፣ የጽዳት ጨርቅ፣ እርጥብ የሕፃን መጥረጊያ፤ ይህ የመጨረሻው በመጠቅለያው ላይ ምንም ተጻፈ ምን እንደ ሶፍት በውኃ አይፈታም። በእኛ አገር ደግሞ የጠላ አተላና የቡና አተላ ይጨመሩበታል። ከሰርግ፣ ከክርስትና ወይም ከዝክር በኋላ የጋን ግርጌ አተላ ሽንት ቤት ውስጥ ሲደፋ ከባዱ ብቅልና እህል በአግድሙ ቧንቧ ግርጌ ተኝቶ ይቀራል፤ ቅባት ከነካው ደግሞ ይጋግራል። አተላ ለከብት ወይም ለማዳበሪያ የሚሆን ነውና ለሚፈልግ ጎረቤት መስጠቱ ይሻላል። ችግሩ የጀመረው ከድግስ በኋላ፣ ወይም ጎንደር በእንግዳ በምትሞላበት በጥር 11 የጥምቀት ሰሞን ከሆነ ያስታውሱ፤ የተጀመረበት ጊዜ ምክንያቱን ያሳያል።

ይህን ዓይነቱን መዘጋት በመጀመሪያ በጎማ መግፊያ ይሞክሩ። ጎማው መውጫውን ሙሉ በሙሉ መሸፈንና በውኃ ውስጥ መሆን አለበት፤ አየር ከገፋ አይሠራም። በዝግታ ተጭነው አየሩን ካስወጡ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይላቀቅ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይግፉ፤ መሳቡ እንደ መግፋቱ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ካልተከፈተ የሚሽከረከር የቧንቧ ስፕሪንግ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። የኮንክሪት ብረት ወይም ጫፉ የሾለ ሽቦ በመቀመጫው በኩል ማስገባት ሴራሚኩን ይሰነጥቃል፣ የቧንቧውን መጋጠሚያም ያላቅቃል። ስለ ኬሚካልም ላሳስብ። መዘጋት ይከፍታል ተብሎ የሚሸጥ አሲድም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ በጨርቅና በሞዴስ ላይ አቅም የለውም፤ በጥምዙ ውስጥ ቆሞ ስለሚቀር ግን በኋላ መግፊያ የሚጠቀመውን ሰው ፊት ያቃጥላል። አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህ ለሕይወት አስጊ ነው። ከዚህ በፊት አፍስሳችሁ ከሆነ ለሚመጣው ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት።

ቤቱ ሰባት ዓመት ስላገለገለ ከግንባታ የተረፈ ነገር ዋና ምክንያት አይመስለኝም፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ጀምሮ ደከም ይል እንደነበር ካስታወሱ ሊታሰብ ይገባል። በግንባታ ጊዜ ቆሻሻ እንዳይገባ ተብሎ ቧንቧ አፍ ላይ የተወተፈ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ ሳይወጣ መቀመጫ ሲተከልበት፣ ወይም መቀመጫው በሲሚንቶ ሲገጠም ትርፉ ወደ ውስጥ ተንጠባጥቦ ሲደርቅ መውጫው ይጠባል። እንዲህ ያለው ጥበት ለዓመታት ውኃ ያሳልፋል፤ ሶፍትና ቅባት ሲደረቡበት ነው የሚዘጋው። ያኔ መቀመጫውን መንቀል ትክክል ይሆናል፤ የሚነቀለው ግን ለመቀየር ሳይሆን መውጫውን አጽድቶ ያንኑ መልሶ ለመትከል ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የአፈሩ ነገር ነው። በአዘዞ በኩል እንዳለው ሜዳ ዋልካ አፈር በሚበዛበት ቦታ መሬቱ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ጠጥቶ ያብጣል። ይህ እንቅስቃሴ በአፈር ውስጥ የተቀበረን ቧንቧ በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። በአሸዋ ላይ ሳይተኛ በቀጥታ ዋልካው ውስጥ የተቀበረ የፒቪሲ ቧንቧ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ወይም በመካከሉ ይሰምጥና የሚጎርፈው ውኃ የሚቆምበት ሆድ ይፈጥራል። 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሽንት ቤት መስመር በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ ይኖርበታል። ሆድ በተፈጠረበት ቦታ ግን ውኃው ተኝቶ ይቀራል፣ ደረቁ ነገር ይሰፍራል፤ በስፕሪንግ ተከፍቶ ከወር በኋላ እንደገና ይዘጋል። አንድ መስመር በዓመት ውስጥ ከአንዴ በላይ በተመሳሳይ ቦታ የሚዘጋ ከሆነ ቆሻሻው ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ቧንቧው ወጥቶ በአሸዋ ወይም በጠጠር አልጋ ላይ በተስተካከለ ቁልቁለት እንደገና መቀበር አለበት። በዚህ ላይ የማልለሳለስበት ምክንያት አለኝ፤ ተደጋጋሚ ማስከፈት በየጊዜው ትንሽ ስለሚያስከፍል ርካሽ ይመስላል፣ ሲደመር ግን ቧንቧውን ከመቀየር ይበልጣል።

ሁለተኛው የአፈሩ ውጤት በጉድጓዱ ላይ ነው። በጎንደር በውኃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ያለው ቤት ብዙ ጊዜ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ማስረጊያ ጉድጓድ አለው። ሴፕቲክ ታንክ ሲሞላ የሚታየው ፍሳሹን ወደ አፈር የሚያሰርገው ጉድጓድ መቀበል ሲያቆም ነው። ዋልካ አፈር በደረቅ ወራት በስንጥቁ በኩል ውኃ ይቀበላል፤ ሰኔ ገብቶ ከራሰ በኋላ ግን ስንጥቁ ይዘጋል፣ የከርሰ ምድር ውኃም ከፍ ይላል፣ ጉድጓዱ ከማስረግ ይልቅ ራሱ ውኃ ሊያስገባ ይችላል። ያን ጊዜ ፍሳሹ ወደ ኋላ ይመለስና መስመሩን ይሞላል፤ በመቀመጫው ላይ የሚያዩት መሽከርከርና መዘግየት ይህ ነው። በጥያቄዎ የክረምቱን መባስ መጥቀስዎ ወደዚህ የመራኝ ስለዚህ ነው። የጣሪያ ዝናብ ውኃ ወደዚሁ ማንሆል ወይም ታንክ እንዲገባ ተደርጎ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ የጣሪያ አሸንዳ ውኃና የግቢ ጎርፍ ከሽንት ቤት መስመር ፈጽሞ መለየት አለባቸው።

ታንኩ በአማካይ ቤተሰብ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊመጠጥ ይገባዋል፤ ይበልጥ አስተማማኙ መለኪያ ግን በግርጌው የዘቀጠው ዝቃጭና በላይ የረጋው ቅርፊት አንድ ላይ የታንኩን ሲሶ ሲይዙ ማስመጠጥ ነው። የእርስዎ ቤት ሰባት ዓመት ሆኖት አንድም ጊዜ ካልተመጠጠ፣ ማንሆሉም ሞልቶ ከተገኘ፣ የመምጠጫ መኪና መጥራት የመጀመሪያ ሥራዎ ይሁን። መኪናው ሲመጣ ውኃውን ብቻ ስቦ እንዳይሄድ፣ የታችኛው ዝቃጭ ተበጥብጦ እንዲወጣ ይጠይቁ፤ ውኃው ብቻ ከተወሰደ ታንኩ በቀናት ውስጥ ይሞላል። በዚያው አጋጣሚ በታንኩ መግቢያና መውጫ ላይ ያሉት ወደ ታች የሚያጎነብሱ ቲ ቅርጽ ያላቸው መጋጠሚያዎች በቦታቸው መኖራቸውን ከላይ ሆኖ በባትሪ ማየት ይቻላል። የመውጫው ከወደቀ ቅርፊቱ ወደ ማስረጊያው እየሄደ አፈሩን ይደፍናል፤ ያን ጊዜ መምጠጥ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚያሳርፈው። እርሾም ሆነ በዱቄት መልክ የሚሸጥ «የጉድጓድ መድኃኒት» ማስመጠጥን አይተካም።

ከተመጠጠ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ካልተቸገሩ ምክንያቱ መሙላቱ ነበር። በተመጠጠ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ግን ማስረጊያው ሞቷል፤ ሰፋ ያለ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነና በጠጠር የተሞላ የማስረጊያ ቦይ ከጥልቅ ጉድጓድ ይልቅ በዋልካ አፈር ላይ የተሻለ ያገለግላል። ትርፉን ወደ መንገድ ዳር የጎርፍ ቦይ ማገናኘት አንዳንድ ሰው የሚመርጠው አቋራጭ ነው። እባክዎ አያድርጉት። ከየሰፈሩ የሚወርደው ጎርፍ መድረሻው ወንዝ ነው፤ ከታች ያለው ሰው በዚያ ውኃ ልብስ ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል፣ አትክልት ያለማል።

ማንሆሉም ታንኩም ደህና ሆነው ፍሰቱ ብቻ ደካማ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የአየር ማስወጫ ቧንቧ ነው። ውኃ በቧንቧ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ደግሞ አየር ይስባል፤ መተንፈሻ ከሌለው የመታጠቢያው ሲንክ ይንጎራጎራል፣ ሽታ ወደ ቤት ይገባል፣ በጎድጓዳው ውስጥ ሊኖር የሚገባው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽታን የሚያግድ የውኃ መቆለፊያም ይጎድላል። የማስወጫውን ጫፍ ጣሪያ ላይ አይተው የወፍ ጎጆ ወይም ቅጠል ካለ ያውጡ፤ ከነጭራሹ ካልተተከለ ማስተከል ብዙ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ከፈረቃው ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ውኃ ሲጠፋ በጆግ ሁለት ሦስት ሊትር እያፈሰሱ መልቀቅ ጎድጓዳውን ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ደረቁ ነገር ግን ከጥምዙ አልፎ በአግድሙ ቧንቧ ውስጥ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ቀን በቀን ሲደራረብ ይደርቃል፣ ማንሆሉ ድረስ የሚገፋው ውኃም አያገኝም። ከቤት እስከ ማንሆል ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ይህ ይብሳል። ስለዚህ በውኃ እጥረት ቀናት ለሽንት ብቻ ትንሽ ውኃ ይጠቀሙ፤ ለሌላው ግን ከ6 ሊትር ያላነሰ በባልዲ በአንድ ጊዜ ያፍስሱ። የልብስ እጣቢ ለዚህ ይሆናል፤ ክሩና ብናኙ በጨርቅ ይጠለል እንጂ። የወጥ ዕቃ እጣቢ ግን ቅባት ስላለው አይጨመርበት። ፈረቃው በመጣ ዕለት ደግሞ ሁለት ሙሉ ባልዲ አከታትሎ ማፍሰስ በመስመሩ የቆየውን ይወስደዋል።

እንግዲህ በእርስዎ ቤት ቅደም ተከተሉ የባልዲው ሙከራ፣ ከዚያ ማንሆሉን ማየት፣ ማንሆሉ ሞልቶ ከተገኘ ማስመጠጥ፣ የጣሪያ ውኃውን መለየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ቧንቧው ቁልቁለት ማሰብ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ መቀመጫው በእርግጥ መቀየር ካለበት፣ ለምሳሌ ተሰንጥቆ ከሆነ ወይም በውስጡ ያለው ጥምዝ በማይወጣ ቅርፊት ከጠበበ፣ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መውጫው ወደ ወለል ይሁን ወደ ግድግዳ አረጋግጡ፤ ወደ ወለል ከሆነ ከተለሰነው ግድግዳ እስከ መውጫው መሃል ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ለክተው ይያዙ። አዲሱ መቀመጫ ልኩ ካልገጠመ ሠራተኛው በጎን በሚታጠፍ ማገናኛ ሊያስማማው ይሞክራል፤ ያ ማገናኛ መንገዱን ስለሚያጣምመው አዲሱም ከአሮጌው የተሻለ አይወስድም።